በባልደራስ ግቢ የቀረችው በቅሎ

ከሸዋ ሮቢት መናኸሪያ ጀርባ፣ ከአስፋልቱ ወረድ ብሎ ያለውን ግቢ የቀወት ባላገር የሚጠራው በባልደራስ ወልደማርያም ስም ነው። ከዳገቱ መንደሮች ገበያ የወረደ ሰው በቅሎውን ወይም ፈረሱን እዚያ አስሮ ጉዳዩን ሲፈጽም ይውላል። ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ ደሴ የሚሻገርም ሳምንትም ይሁን ወር እዚያው ያሳድራል። «ባልደራስ»፣ የፈረስ ቤት አዛዥ፣ የመንግሥት ሹመት አልነበረም፤ ሰዉ የእጃቸውን ሥራ አይቶ ያወጣላቸው ስም ነው።

ሐረገወይን ይህን ግቢ ያወቀችው ገና ሙሽራ ሳለች ነበር። ያኔ ወልደማርያም አንድን የጋማ ከብት ከመቀበላቸው በፊት ኮርቻውን አስወርደው ጀርባውን በእጃቸው ይዳብሱታል፤ አራቱንም ኮቴ አንድ በአንድ አንስተው ያያሉ። «ይቺን የኮርቻ መላጣ ይዛ ነው የመጣችው፤ አንቺም እዪ፣ እኔም ልይ» ይላሉ። ሲመልሱም እንደዚያው ባለቤቱን አቁመው ያሳያሉ። ገንዳው በየጠዋቱ በመጥረጊያ ይታጠባል። ጭዱ አቧራው ሳይራገፍ አይሰጥም። ተራጋጩ ከገራሙ ጋር አይታሰርም። ቀን ቀን ደግሞ ሁሉም ከትልቁ ሾላ ጥላ ሥር ይውላሉ፤ የሮቢትን ፀሐይ ለሚያውቅ ሰው ከጭዱም ከገብሱም የሚበልጠው ይሄ ነበር።

ከሦስት ዓመት በፊት ባልደራስ አንድ ጠዋት ውሃ ሲቀዱ ወደቁ። ነፍሳቸው ተረፈች፤ ግራ ጎናቸው ግን አልታዘዝ አለ። ግቢውን ልጃቸው ኢዮብ ተረከበ። ኢዮብ ክፉ ሰው አልነበረም፤ የሚያስበው ግን ስለ ባጃጅ ነው። መጀመሪያ ባጃጆቹ በሾላው ጥላ ሥር ገቡ፤ ከብቶቹ ፀሐይ ወዳለበት አጥር ጥግ ተዛወሩ። ቀጥሎ ግቢውን የምትጠርገው ሴት ተሰናበተች። ከዚያ የገንዳው ውሃ አረንጓዴ ሆነ። ጭዱ ቀርቶ የማሽላ አገዳ መጣ፤ አገዳውም አንዳንዴ ሻጋታ ይሸታል። የኮቴና የጀርባ ምርመራውማ ወሬውም ጠፋ። «እሰሪያትና ሂጂ» ነው መልሱ። ሐረገወይን አንድ ቀን ከገበያ ስትመለስ በቅሎዋ ከአንድ ነካሽ ፈረስ ጋር በአንድ ችካል ታስራ፣ አንገቷ ደምቶ አገኘቻት። ይህን ሁሉ እያየች ዝም አለች። ለባልደራስ ካላት አክብሮት የተነሳ ልጃቸውን መናገር ነውር መስሎ ይሰማት ነበር፤ ደግሞም ሌላ የምታስርበት ቦታ አልነበራትም።

በቅሎዋ ቀላ ያለች ዳማ ናት። ባሏ ዘውዴ ከአሊዩ አምባ ገበያ ሲገዛት ገና ኮርቻ ያልለመደች ነበረች፤ እሱ ራሱ ነው የገራት። ባለፉት ሁለት ዓመታት የዘውዴ ዓይኖች በሞራ እየተጋረዱ ሲሄዱ ዳማዋ ከጌታዋ ይልቅ መንገዱን ታውቀው ጀመር። ልጓሙን ለቀቅ ያደርግላትና ድንጋዩን እየመረጠች፣ ገደሉን እየራቀች ከሮቢት እስከ ወይራ አምባ ታደርሰዋለች። ባጃጅ የሚደርሰው እስከ ዳገቱ ሥር ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ያለው የሦስት ሰዓት መንገድ ለዘውዴ ያለ በቅሎ የማይታሰብ ሆኖ ነበር።

በየካቲት ወር ደብረ ብርሃን ላይ የዓይን ሞራ ቀዶ ጥገና እንደሚሰጥ ተሰማና ባልና ሚስት ዳማዋን ባልደራስ ግቢ አስረው ሊሄዱ ሮቢት ወረዱ። ሦስት ቀን ይበቃል ተብለው ነበር። ኢዮብ በስልክ እያወራ በአገጩ ችካሉን አሳያት። ሐረገወይን ባልደራስን ሰላም ልበል ብትል «ተኝተዋል» አላት። ኮርቻውን አውርዳ እሱ እንዲያይላት የዳማዋን ጀርባ ብታሳየውም ዓይኑን ከስልኩ አላነሳም። በሩ ላይ እርጥብ ሣር የምትሸጥ ሙሀባ የምትባል ሴት አለች፤ ከእሷ ሁለት እስር ገዝታ ለበቅሎዋ ጣል አደረገችላት። ሙሀባ የከብቶቹን ጥግ አየት አድርጋ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«እቴ፣ ቶሎ ተመለሺ» አለቻት።

ሐረገወይን ለምን እንደሆነ ልትጠይቃት አፏን ስትከፍት የመኪናው ረዳት ተጣራ። ዘውዴ ብቻውን መሳፈር አይችልም። እየሮጠች ሄደች።

ደብረ ብርሃን ሲደርሱ የዘውዴ ደም ግፊት ተለካና ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀ። ግፊቱ ካልወረደ ዓይኑ አይነካም። መድኃኒት ተሰጠው፤ አልጋ ያዘ። ዮርዳኖስ የምትባለው ነርስ ሐረገወይንን ወደ ኮሪደሩ ጠርታ እንቅልፍ እንዲተኛ፣ ጨው እንዳይበላ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ እንዳይጨነቅ አደራ አለቻት። የሚያስጨንቀው ነገር ካለ እሷው እንድትይዘው፣ ለእሱ እንዳትነግረው መከረቻት።

ሐረገወይን ነጠላዋን ደራርባ በብርዱ እየተንቀጠቀጠች፣ ከአልጋው ሥር ምንጣፍ ላይ እየተኛች ታስታምመው ጀመር። ዘውዴ ስለ ዓይኑ ብዙም አይጠይቅም። ስለ ማሳውም አይጠይቅም። በየቀኑ ምሳ ከበላ በኋላ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ «ደወልሽ? ዳማዋ እንዴት ናት?» ይላል።

በሁለተኛው ቀን ደወለች። ኢዮብ አነሳ፤ ከጀርባው ሞተር ይጮሃል። በልታለች፣ ጠጥታለች፣ አታስቡ ብሎ ዘጋ። በሦስተኛውና በአራተኛው ቀን ስልኩ ቢጠራም የሚያነሳው ጠፋ። በአምስተኛው ቀን ተመስገን የሚባል፣ ለኢዮብ የሚሠራ ጎልማሳ አነሳላት። ማን እንደሆነች ነግራው ስለ በቅሎዋ ጠየቀችው።

«ቡላዋ? ደህና ናት» አለ።

«የእኔ ዳማ ናት።»

«አዎ፣ ዳማዋ። ደህና ናት አልኩ እኮ» ብሎ ዘጋው።

ሐረገወይን ስልኩን እንደያዘች ኮሪደሩ ላይ ቆማ ቀረች። ሰው የሚያበላውን ከብት ቀለም እንዴት አያውቅም? ሞታ ይሆን? ተሰርቃ ይሆን? ወይስ ከቡላ በቅሎ ጋር ተለዋውጣ ለሌላ ሰው ተሰጥታ? የሙሀባ ቃል ጆሮዋ ላይ መጣ። መልሳ ደወለች፤ ስልኩ ተዘግቷል። ወደ ክፍሉ ስትገባ ዘውዴ ፊቱን ወደ ኮቴዋ ድምፅ አዞረ።

«ምን አሉሽ?»

«ደህና ናት። እንዲያውም ፉርሽካ ጨምረውላታል አሉ» አለች።

ዘውዴ ፈገግ አለ። ባልደራስ ቤት መቼም አይጥሉንም ብሎ ለጎኑ ታካሚ ስለ ግቢው ማውራት ጀመረ፤ ገንዳው በየጠዋቱ እንዴት እንደሚታጠብ፣ ጥላው እንዴት እንደሆነ። የሚያወራው ዓይኑ ደህና በነበረበት ዘመን ስላየው ግቢ ነበር። ከሰዓት በኋላ ዮርዳኖስ ስትለካው ግፊቱ ወርዶ አገኘችው፤ እንዲህ ከቀጠለ ቀኑ ቅርብ ነው አለች።

ከዚያ ወዲያ ውሸቱ በየቀኑ ማደግ ነበረበት። ዘውዴ ፉርሽካውን የሚሰጣት ማን እንደሆነ ጠየቀ፤ ሐረገወይን ኢዮብ ራሱ ነው አለች። ትተኛለች ወይ አለ፤ ትንከባለላለች አሉ አለችው። ይህን ስትናገር ዳማዋ አጥሩ ሥር ሆዷ ተነፍቶ ተኝታ ትታያታለች። ምግብ አልወርድ አላት። ስልኩን በደረቷ ይዛ ትነቃለች፤ ነቅታም ቀድማ የምታስበው የባሏን ዓይን ሳይሆን በቅሎዋን መሆኑን ስታስተውል ኃጢአት የሠራች ያህል ይሰማታል።

በሰባተኛው ቀን ጠዋት አልቻለችም። ዳቦ ልግዛ ብላ ወጥታ መናኸሪያ ድረስ ሄደች። ደርሳ ብትመለስ ቢዘገይ ከሰዓት በኋላ ትደርሳለች ብላ አሰበች። ረዳቱ «ሮቢት፣ ሮቢት» ይላል። አንድ እግሯን ከመኪናው ደረጃ ላይ አኖረች። የዘውዴ ተራ ግን ዛሬም ነገም ሊሆን ይችላል፤ ሲጠሩት አጠገቡ የሚቆም ሰው የለም። ሚስቱ የት ሄደች ቢሉት፣ ለምን እንደሄደች ቢገባውስ? ረዳቱ ትገቢያለሽ ወይስ አትገቢም ብሎ ተቆጣ። እግሯን አወረደች። ዳቦውን መግዛት ረስታ ባዶ እጇን ተመለሰች።

በማግስቱ ዘውዴ ተጠራ። ቀዶ ጥገናው ከአንድ ሰዓት ያነሰ ጊዜ ነው የፈጀው። በበነጋው ጠዋት ከቀኝ ዓይኑ ላይ ፋሻው ሲነሳ ለረጅም ጊዜ ሚስቱን አያት።

«ፀጉርሽ ሸብቷል» አላት። «ከስተሻልም።»

ብርዱ ነው አለችው።

በአሥረኛው ቀን ወደ ቆላው ወረዱ። ዘውዴ በመስኮቱ በኩል ተቀምጦ እንደ ሕፃን ልጅ ያየውን ሁሉ ይቆጥራል፤ ዋሻውን፣ ገደሉን፣ ደብረ ሲና ላይ ቆሎ የሚሸጡትን ሴቶች። ሙቀቱ እየጨመረ ሲሄድ የሐረገወይን እጅ እየቀዘቀዘ ሄደ። አሁን ልንገረው፣ ከዚህ ኩርባ በኋላ ልንገረው እያለች ሮቢት ደረሱ። መናኸሪያው አጠገብ ሻይ ቤት አስቀምጣው በቅሎዋን ጭኜ ልምጣ፣ አንተ ፀሐይ ላይ አትውጣ አለችው። ዓይኑ ላይ ጥቁር መነጽር አለ፤ የፊቱን ሁኔታ ማየት አልቻለችም።

ግቢው ውስጥ ዘጠኝ ባጃጆች ቆመዋል። አንዱ ተገልብጦ ሆዱ ተከፍቷል። መሬቱ በተቃጠለ ዘይት ጠቁሯል። አጥሩ ጥግ አንዲት ቡላ በቅሎና ሁለት አህዮች አንገታቸውን ደፍተው ቆመዋል። ገንዳው ደርቆ ውስጡ የላስቲክ ከረጢት ተኝቷል። ዳማዋ የለችም።

ሐረገወይን ወደ ባጃጆቹ ሮጠች። ከተገለበጠው ባጃጅ ሥር ያለውን ሰው ኢዮብ የት ነው ብትለው ጎማ ሊገዛ ሄዷል አላት። ስለ በቅሎዋ ብትጠይቀው የከብቱን ነገር የሚያውቀው ተመስገን ነው አለ። ወደ በሩ ስትመለስ ሙሀባ ሣሯን ትታ ተነስታ ትጠብቃታለች።

«አለች፣ አልሞተችም» አለች ሙሀባ ገና ሳትጠየቅ። «በየጠዋቱ ተመስገን ይወስዳታል። ወንዙ ዳር ሽንኩርት እየወጣ አይደል? ከማሳው እስከ መኪናው ጆንያ ታመላልሳለች። ኢዮብን ተው የሰው አደራ ነው ስለው አንቺ ሣርሽን ሽጪ አለኝ። ስልክሽን ባውቅ ወላሂ እደውልልሽ ነበር።»

መንገዱን በእጇ አሳየቻት። ሐረገወይን የመስኖውን ቦይ ተከትላ በጠራራው ፀሐይ ግማሽ ሰዓት ያህል ተጓዘች። አልሞተችም የሚለው ቃል ለጊዜው ልቧን አሳርፎላት ነበር፤ ዕረፍቱ ግን ወዲያው ወደ ሌላ ፍርሃት ተቀየረ። ዳማዋ የኮርቻ በቅሎ ናት። ጭነት የሚባል ነገር ጀርባዋ ላይ አርፎ አያውቅም።

ማሳው ዳር አይሱዙ ቆሟል። ሠራተኞች ሽንኩርት ይሞላሉ። ዳማዋ ሁለት ጆንያ በግራና በቀኝ ተጭኖባት፣ ራሷን ጉልበቷ ድረስ አውርዳ ቆማለች። ከሥሩ መደላድል የለም፤ ባዶ ከረጢት ብቻ ነው የተነጠፈው። ጎድኗ ይቆጠራል። ሐረገወይን ዳማዬ ብላ ስትጠራት ጆሮዋን እንኳ አላነሳችም።

ሐረገወይን አልጮኸችም። ሄዳ ገመዱን መፍታት ጀመረች። ቋጠሮው በላብ ጠብቆ እምቢ ሲላት በጥርሷ ያዘችው። ተመስገን ከመኪናው በኩል እየሮጠ መጣ። ማን እንደሆነች ሲያውቅ ቆም አለ፤ ከዚያ አንገቱን አከከ።

«እትዬ፣ ሁለት ዙር ብቻ ነበር የቀረው» አላት።

ቀና ብላ አየችው። የፊቷ ሁኔታ ምን እንደነበር እሷ አታውቅም፤ እሱ ግን ሌላ ቃል ሳይጨምር ጆንያዎቹን በማውረድ አገዛት። ከረጢቱ አልነሳ አለ፤ ከጀርባዋ ጋር ተጣብቋል። ሐረገወይን ከቦዩ በጆግ ውሃ እያመጣች አራሰችውና ቀስ አድርጋ ገፈፈችው። ከሥሩ የወጣው የሰው መዳፍ የሚያህል ጥሬ ሥጋ ነበር፤ አከርካሪው ላይ ሌላም አለ። ዝንቡ ወረደ። ዳማዋ ቆዳዋ ተንዘፈዘፈ እንጂ አልተራገጠችም። በዘጠኝ ዓመቷ ሰው ያልደፈራት በቅሎ እንዲህ ዝም ብላ መቆሟ ሐረገወይንን ከቁስሉ በላይ አስደነገጣት። ነጠላዋን አልብሳ፣ ራሷ ገመዱን ይዛ ወደ ከተማው መራቻት።

ስትመለስ ዘውዴ ግቢው ውስጥ ነበር። ሻይ ቤት መቀመጥ ሰልችቶት በአዲሱ ዓይኑ መንገዱን አይቶ መጥቶ፣ በሩ ላይ ሙሀባን ጠይቋል። በስተኋላ ካለችው ክፍል ደጃፍ ባልደራስ ወልደማርያም በወንበር ተቀምጠዋል። ዘውዴ ስማቸውን ሲጣራ ሰምተው ነው አውጡኝ ያሉት፤ ጎማውን ይዞ የተመለሰው ኢዮብ ተሸክሞ አውጥቷቸዋል። ሽማግሌው ግቢውን ካዩት ወራት ሆኗቸው ነበር። የደረቀውን ገንዳ ያያሉ፤ ሾላው ሥር የቆሙትን ባጃጆች ያያሉ።

ዘውዴ መነጽሩን አወለቀ። ሐረገወይን መነጽሩን አድርግ፣ ዓይንህ ብትለው አልሰማትም። ነጠላውን ከዳማዋ ጀርባ ላይ አነሳ። ለረጅም ጊዜ አየ። ከዚያ እጁን ከአፏ ሥር ዘረጋላት፤ አሸተተችው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለ፣ ፊቱን ሳያዞር። የጠየቀው ኢዮብን ነው።

ኢዮብ ሊያስተባብል አልሞከረም። ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ ነው አለ። ድሮ አርባ የጋማ ከብት የሚያድርበት ግቢ ዛሬ ሦስትና አራት ብቻ እንደሚመጣበት፣ ለሦስት ከብት ሌላ ሠራተኛ መቅጠር እንደማይቻል፣ ጭዱም እንደማይገኝ ተናገረ። ቆማ ከምትውል ለመኖዋ ትሥራ ብሎ ነው የላካት፤ ተመስገን እንዲህ ይጭንባታል ብሎ አላሰበም። ባልደራስ ይህን ሁሉ ሰምተው ደህናውን እጃቸውን አነሱ።

«እኔን በየቀኑ ምን ነበር የምትለኝ?» አሉት።

ኢዮብ አቀረቀረ። «ጠግበው ተኝተዋል ነበር የምልዎት፣ አባባ። ሐኪሙ አታስጨንቁት ብሎናል። ልነግርዎት ፈራሁ።»

ሐረገወይን እስከዚያች ሰዓት ኢዮብን የምትለው ብዙ ነገር አጠራቅማ ነበር። ከቦዩ ዳር እስከ ግቢው ድረስ ቃሉን አንድ በአንድ ስታሰናዳ ነው የመጣችው። ይህን ስትሰማ ግን ሁሉም ከአፏ ጠፋ። ባሏ ዞር ብሎ ያያት ጀመር።

«አንቺስ መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ካወቅሁ አምስት ቀኔ ነው። በእርግጥ አላወቅሁም፤ ጠረጠርኩ።»

«ፉርሽካውስ?»

«እኔ ነኝ የፈጠርኩት» አለች።

ዘውዴ መነጽሩን መልሶ አደረገ። አንድም ቃል አልመለሰላትም። እንዲህ ያለውን ዝምታ በሠላሳ ዓመት ትዳራቸው ውስጥ አታውቀውም፤ ቢሰድባት በወደደች።

ዝምታውን የሰበሩት ባልደራስ ናቸው። ውሃ አፍልተው፣ ጨው ጨምረው፣ ንጹሕ ጨርቅ እንዲያመጡ አዘዙ። ዳማዋን ወደ ወንበራቸው አስጠጓት። ኢዮብ ሳህኑን ያዘ፤ ሽማግሌው በቀኝ እጃቸው ብቻ ቁስሉን ከዳር ወደ መሀል ማጠብ ጀመሩ። ዳማዋም ለእሳቸው ቆመችላቸው። ሲጨርሱ ሁለተኛውን ሳህን አዘዙ፤ እንደገና አጠቡት።

«አደራ በላሁ፣ ዘውዴ» አሉ።

«አንቱ አልበሉም፣ ባልደራስ።»

«በኔ ስም አይደል ያሰራችኋት?»

ባልደራስ ወደ ልጃቸው ዞረው ከዚህ በኋላ በዚህ ግቢ የሰው ከብት እንዳይታሰር፣ ችካሎቹ ዛሬውኑ እንዲነቀሉ ነገሩት። ኢዮብ አባባ ነገ ብናደርገውስ ብሎ ለመነ፤ ሽማግሌው ችካሎቹን ያዩ ጀመር። ኢዮብ የጎማ መፍቻውን ብረት አንስቶ አንድ በአንድ ነቀላቸው። አንዳንዶቹ ሠላሳ ዓመት የቆሙ ስለነበሩ መሬቱን ይዘው ነው የሚወጡት። ሐረገወይን ይህን ስታይ ደስ ይላት መስሏት ነበር። የመጣባት ግን ሌላ ጭንቀት ነው፤ ቅዳሜ ከዳገቱ የሚወርደው ሰው ሁሉ አሁን የት ሊያስር ነው? ሙሀባ የእሷ ማንጎ ሥር ለአራት ለአምስት የሚሆን ጥላ እንዳለ፣ ሣሩንም እዚያው ማቅረብ እንደምትችል ተናገረች። ያቺን ቀን ዳማዋም ቡላዋም አህዮቹም እዚያ አደሩ።

የከተማው የእንስሳት ሐኪም መጥቶ መርፌ ወጋት። ከአንድ ወር በላይ ኮርቻ እንዳያርፍባት፣ ቁስሉ በቀን ሁለት ጊዜ እንዲታጠብ፣ አጥንቱን ነክቶት ከሆነ ግን ከዚያም ሊረዝም እንደሚችል ነገራቸው። ነክቶታል ወይ ብላ ሐረገወይን ብትጠይቀው ገና ነው፣ አላውቅም አላት።

በማግስቱ ማለዳ ኢዮብ ዘውዴን እስከ ዳገቱ ሥር በባጃጅ አደረሰው፤ ሐረገወይን ግን ባጃጁን ትታ ዳማዋን እየመራች በእግሯ ነው የደረሰችው። ዘውዴ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጠበቃት። ከዚያ ዳገቱን ጀመሩት። እሱ በዱላ ፊት ፊት፣ እሷ ከበቅሎዋ ጋር ኋላ ኋላ። ሐረገወይን ዓይኗን ከእግሩ ላይ መንቀል አልቻለችም። አንድ ዓይኑ ገና አዲስ ነው፤ ሌላው እንደተጋረደ ነው። ጥልቀቱን ሳይለይ ቢረግጥስ? ደሙ ቢነሳበትስ? ሐኪሞቹ አጎንብሶ ጭነት እንዳያነሳ እንኳ ከልክለውታል። በየሃያ እርምጃው አረፍ በል ትለዋለች፤ እሱ ግን ይወጣል። ጉልበቱ ሲይዘው ራሱ ይቆማል፤ ደግሞ ይቀጥላል።

ዳገቱን ሲያጋምሱ የግራር ጥላ አገኙና ተቀመጡ። ዳማዋ ቅጠል መቀንጠስ ጀመረች፤ ከትናንት ወዲህ በፈቃዷ ስትበላ ሐረገወይን ገና አሁን ማየቷ ነው። ዘውዴ ውሃ ጠጥቶ ጆጉን አቀበላት።

«ደሜ እንዳይነሳ ብለሽ ነው። ይገባኛል» አለ። «ግን አሥር ቀን ሙሉ እዚያ አልጋ ላይ ሆኜ ደስ ብሎኝ ነበር። እሷ እዚህ ጆንያ ስትሸከም እኔ ደስ ብሎኝ ነበር። ይሄ ነው ያቃጠለኝ።»

«ብነግርህ ዓይንህ አይነካም ነበር።»

«አይነካማ» አለ ዘውዴ። «ከእንግዲህ ግን ንገሪኝ። ደሜ ቢፈላም ይፍላ፤ አብረን እንጨነቅ» አላት።

እሺ አለችው። እሺ ስትል ግን ተመልሰው ያ ኮሪደር ላይ ቢያቆሟት ምን እንደምታደርግ እርግጠኛ አልነበረችም።

ወይራ አምባ የደረሱት ከቀትር በኋላ ነው። መንደርተኛው ዘውዴ በእግሩ መምጣቱን አይቶ እልል ሊል ሲል የበቅሎዋን ጀርባ አየና ተወው።

መጋቢት ሊያልቅ ሲል ዘውዴ ወደ ደብረ ብርሃን የሚመለስበት የክትትል ቀጠሮ ደረሰ። አብረው መሄድ አልቻሉም፤ የዳማዋ አንዱ ቁስል ቢደርቅም የአከርካሪው ላይ ያለው እየተከፈተ ነው፤ ጠዋትና ማታ የሚያጥባት ሰው ያስፈልጋል። ሰው እንቅጠር፣ ለጎረቤት እንስጣት የሚል ሐሳብ ተነስቶ ነበር። ሁለቱም ተያይተው ተዉት። ዘውዴ ብቻውን ወረደ። ሐረገወይን ኩርባውን እስኪያልፍ ድረስ ቆማ አየችው፤ ካለፈ በኋላም ድንጋይ ሲንከባለል የሚሰማት እየመሰላት ብዙ ቆየች።

በማግስቱ ከቀትር በፊት ስልኳ ጮኸ።

«ለኩኝ» አላት ዘውዴ። «ከፍ ብሏል። ዓይኑ ደህና ነው፤ ግፊቱ ግን ከፍ ብሏል። ነገ እንደገና ይለኩኛል፣ ካልወረደ ያስተኙኛል።»

ሐረገወይን የቤቷን ግድግዳ ተደገፈች። በረት ውስጥ ዳማዋን ታያታለች።

«እሷስ?» አለ።

አፏ ላይ የመጣውን የመጀመሪያ ቃል ዋጠችው። «ታችኛው ጠርዙ ዛሬም መግል አለው» አለችው። «ከትናንት አልተሻለም። መኖዋን ግን በልታለች፤ ይሄ እውነት ነው።»

በስልኩ ውስጥ የሆስፒታሉ ጫጫታ ይሰማል።

«እሺ» አለ። «ስታጥቢያት ጨዉን አብዢበት። ነገ ሲለኩኝ እደውላለሁ።»

ስልኩን ከዘጋችው በኋላ ውሃውን ልትጥድ ገባች።